የሰሊጥ ማሳችን ሠራተኞችና የእኛ ኃላፊነት
(ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ንግግር)



እስካሁን ስለ ምርጥ ዘር፣ በመስመር ስለ መዝራትና ስለ ማዳበሪያ ስንነጋገር ቆይተናል። አሁን የማነሳው ሰሊጡን ስለሚያርመውና ስለሚያጭደው ሰው ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ጊዜ አይሰጥም። ቆቡ ተከፍቶ ፍሬው ከመርገፉ በፊት በጥቂት ቀናት ውስጥ መታጨድ አለበት። ለዚህም ነው በየዓመቱ ከጎጃም፣ ከደቡብ ጎንደርና ከወሎ ብዙ ወጣቶች ወደ መተማና ቋራ የሚወርዱት። እኛ ሠራተኛ ለማግኘት ስንቸኩል፣ በመካከል የሚገባው ደላላ ምን እያደረገ እንደሆነ ሳናይ እንቀራለን።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአጨዳ ወቅት ለክትትል ወደ አንድ ማሳ ሄድኩ። ባለቤቱ ጎበዝ አምራች ነው። ከግራር ሥር ጋቢውን ተከናንቦ የሚንቀጠቀጥ ልጅ አየሁ፤ ወባ ይዞታል። «ለምን ጤና ጣቢያ አልሄድክም?» ስለው፣ «ዕዳዬን ሳልጨርስ ካቦው አይለቀኝም» አለኝ። ዕዳው ሲቆጠር የመኪና፣ በመንገድ የበላው ምግብ፣ የደላላ ነው። መታወቂያውን ካቦው ይዞበታል። ባለቤቱን ስጠይቀው ደነገጠ። «እኔ ለደላላው ከፍያለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም» አለ።

ልጁን በሞተር ጤና ጣቢያ አድርሰነው ዳነ። እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ነገር አለ። በዚያ ክረምት ያን ማሳ ሦስት ጊዜ ጎብኝቼዋለሁ። በቅጼ ላይ የተዘራውን ሄክታር፣ የታረመውን ሄክታር ሞልቻለሁ። ስለ ሠራተኞቹ አንድም ጥያቄ አልጠየቅሁም።

ባርነት በሀገራችን በአዋጅ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በሰንሰለት የሚታሰር ሰው ባናይም፣ በዕዳ፣ በተያዘ መታወቂያና ባልተከፈለ ደመወዝ የሚታሰር አለ። ሕጉም ይህን ያውቀዋል።

• የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 ሰውን በባርነት ወይም በግዴታ አገልጋይነት መያዝን፣ በሰው መነገድንና አስገድዶ ማሠራትን ይከለክላል።
• አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው የመነገድ ወንጀልን ይቀጣል። ሰውን በዕዳ መያዣነት አስሮ ጉልበቱን መበዝበዝም በዚሁ ውስጥ የሚታይ ነው።
• የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም በሌሊት አይሠራም። ኬሚካል መርጨትን የመሰለ ለጤናው አደገኛ ሥራም አይሰጠውም።

በማሳችሁ ላይ ከሚከተሉት አንዱን ካያችሁ ቆም ብላችሁ ጠይቁ። ሠራተኛው መታወቂያው ወይም ስልኩ በሌላ ሰው እጅ ነው? ስለ ክፍያው ስትጠይቁት ካቦው ይመልስለታል? በሠራ ቁጥር ዕዳው እየጨመረ ይሄዳል? ታሞም ይሠራል? ዕድሜውን ሲጠየቅ ያመነታል?

ከሁሉ የሚቀለው መመዘኛ ግን ይህ ነው፦ ይህ ሰው «ነገ ወደ ሀገሬ ልሂድ» ቢል፣ የሠራበትን ተቀብሎ መሄድ ይችላል? መልሱ «አይችልም» ከሆነ ማሳችን ላይ ችግር አለ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. ደላላ ቢያመጣውም ስምምነቱን ከሠራተኛው ጋር በቀጥታ እናድርግ። የደላላውን ክፍያ እኛ እንሸፍን፤ ከሠራተኛው ላብ አይቆረጥ።

2. ዋጋውን ሥራ ሳይጀመር በምስክር ፊት እንቁረጥ፣ በጽሑፍም እናስፍር። ክፍያው በሂላ ከሆነ የአንዱ ሂላ መጠን ስንት ነዶ እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅ። ቆጠራው ሠራተኛው ባለበት ይሁን። በመጨረሻ የሚነሳው ጠብ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው።

3. ክፍያውን በሠራተኛው እጅ እንስጥ፤ በካቦ በኩል አይለፍ። ቅድሚያ የወሰደ ካለ ይመዝገብ፣ አንድ ቅጂም ለራሱ ይሰጠው።

4. መታወቂያ አይተን ዕድሜውን እናረጋግጥና ወዲያው እንመልስለት።

5. ንጹሕ ውኃ፣ መጠለያና አጎበር እናዘጋጅ። በእኛ ቆላ ወባም ካላዛርም አለ፤ ከዛፍ ሥር ማደር ለሁለቱም ያጋልጣል። የታመመውን ዕዳው ሳይጠየቅ ወደ ጤና ጣቢያ እናድርስ።

6. ተገድዶ የሚሠራ ሰው ስናይ ለፖሊስ ወይም የሠራተኛ ጉዳይ ለሚመለከተው የወረዳው ጽሕፈት ቤት እናሳውቅ። ከደላላው ጋር ለብቻ መጋጨት ሠራተኛውን ለበቀል ሊዳርገው ይችላል።

«ይህ ሁሉ ወጪ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፣ አጎበርም የደላላ ክፍያም ገንዘብ ይጠይቃል። ነገር ግን ሠራተኛ በአጨዳው መሐል ጥሎ ሲጠፋ በሜዳ የሚረግፈውን ሰሊጥ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። በአግባቡ የተከፈለው ሰው በሚቀጥለው ዓመት ወንድሙን ይዞ፣ ያለ ደላላ እናንተን ፈልጎ ይመጣል።

እናንተ ሞዴል የተባላችሁት ጎረቤት የእናንተን ማሳ አይቶ ስለሚሠራ ነው። ሠራተኛ አያያዛችሁንም አይቶ ይከተላል። እኔም ከዚህ ወቅት ጀምሮ በክትትል ቅጼ ላይ ከሄክታሩ ቀጥሎ አንድ መስመር ጨምሬያለሁ፤ ማሳችሁ ስመጣ ከሠራተኞቹ ጋር ለብቻቸው እነጋገራለሁ። እንዳትቀየሙኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ አጨዳው ሳይደርስ ከዛሬው እንዘጋጅ።