አሮጌ መጽሔት ዋጋው በምን ይታወቃል?

 

የዛሬው ርዕሳችን የአሮጌ መጽሔት ይዞታ ነው። ይዞታ ስንል መጽሔቱ ዛሬ ያለበትን ሁኔታ ነው።

ከእናንተ መካከል የንጉሡን ዘመን «መነን» ወይም የደርግን ዘመን «የካቲት» መጽሔት ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠ ይኖር ይሆናል። ታዲያ ዋጋው በምን ይታወቃል? ብዙ ሰው «በዕድሜው» ይላል። ዕድሜ ግን ብቻውን አይበቃም።

እስቲ ቆቦ ከተማ ገበያ በሬ ልትገዙ ወጣችሁ እንበል። ሻጩ የቱንም ያህል ቢያወድሰው፣ ዝም ብላችሁ ብር አትቆጥሩም። መጀመሪያ ጥርሱን ታያላችሁ። ቀጥሎ ጫንቃውን ትዳብሳላችሁ። ከዚያ አስኪዳችሁ እግሩን ትመለከታላችሁ። መጽሔትም እንደዚሁ ነው። ሽፋኑ አለ ወይ? ገጾቹ ሙሉ ናቸው ወይ? የመስፊያ ሽቦው ዝጓል ወይ? ምስጥ ነክቶታል ወይ? ይዞታ ማለት ይኸው ነው።

በሌላው ዓለምም ያው ነው። በፈረንጆቹ 1926 አሜሪካ ውስጥ «አሜዚንግ ስቶሪስ» የተባለ የሳይንስ ልቦለድ መጽሔት መውጣት ጀመረ። የዚያ ዘመን ርካሽ ወረቀት ግን ቶሎ ቢጫ ይሆናል፣ ይሰባበራል። ስለዚህ ይዞታው ያማረ ቅጂ ብርቅ ነው። ፈላጊ ያለው ብርቅ ነገር ደግሞ ይወደዳል።

እናም በእጃችሁ ያለውን ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ከምስጥ ጠብቁ። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፤ ማጣበቂያው ወረቀቱን ያበላሻል። ስትገዙም ገጹን ሳታገላብጡ ዋጋ አትቁረጡ።