የስልኩ ባለቤት ማነው?

(ለመሠረተ ትምህርት ተከታታዮች በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ ስልክ ነው። ስልክ ሲባል ሐሳባችሁ ቶሎ ወደ ቀፎውና ወደ ሽቦው ይሄድ ይሆናል። እኛ ግን የምናነሳው ጥያቄ ሌላ ነው። የስልኩ ባለቤት ማነው? ባለቤቱ ነጋዴ ሊሆን ይችላል። መንግሥት ሊሆን ይችላል። ሦስተኛም መንገድ አለ፤ ባለቤቱ በስልኩ የሚጠቀመው ሰው ራሱ ሊሆን ይችላል። ይህ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ሥራ ማኅበር ይባላል።

የዚህ ዓይነቱ ማኅበር ጥሩ ምሳሌ የሚገኘው ከሩቅ አገር፣ ከዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ ገጠር ነው። የዚያ አገር ገበሬዎች ስልካቸውን በኅብረት ለማቆም ሁለት ጊዜ ተነሥተዋል። በመጀመሪያው ብዙዎቹ ወደቁ፤ በሁለተኛው ቀናቸው። ለምን ወደቁ? ለምንስ ቀናቸው? መልሱ አሁን በእጃችሁ ከያዛችሁት ደብተርና እርሳስ ጋር ይገናኛል። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የስልክን የፈጠራ መብት ያገኘው በ1876 ነበር። ዋናዎቹ መብቶች በ1893ና በ1894 እስኪያበቁ ድረስ ስልክ የመዘርጋቱ ሥራ በቤል ኩባንያ እጅ ነበር። ኩባንያው ደግሞ ዓይኑ ከተማ ላይ ነው። ለምን ቢባል፣ በከተማ አንድ ኪሎ ሜትር ሽቦ ቢዘረጋ ብዙ ደንበኛ ይገኝበታል። በገጠር በዚያው ርቀት አንድ ወይም ሁለት ቤት ቢገኝ ነው። ትርፍ ለሚፈልግ ሰው ይህ አያዋጣም።

የመብቱ ዘመን ሲያልፍ ገበሬዎቹ «እንግዲያው እኛው እንዘርጋው» ብለው ተነሡ። ጎረቤት ከጎረቤት ተጠራራ። አንዱ እንጨት ቆርጦ ምሰሶ አመጣ፤ አንዱ ጉድጓድ ቆፈረ፤ አንዱ ለሽቦው መግዣ አዋጣ። እኛ ደቦ እንደምንለው ማለት ነው። እንዲያውም በአንዳንድ ቦታ ምሰሶ መትከሉም ቀርቶ የከብቱን ግጦሽ ያጠሩበትን እሾሃማ ሽቦ የስልክ መስመር አደረጉት። ዝናብ ሲዘንብ ድምፁ ይጠፋ ነበር፤ ግን ከምንም ይሻላል።

በአንድ ሽቦ ላይ ብዙ ቤት ነው የሚገናኘው። ስልኩ በእጅ የሚዞር እጀታ አለው። አንዱ እጀታውን ሲያዞር በመስመሩ ላይ ያለው ደወል ሁሉ ይጮኻል። ታዲያ የተፈለገው ማን እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? ለየቤቱ የራሱ የደወል ምልክት ተሰጠው። ለአንዱ ሁለት ረጅምና አንድ አጭር፤ ለሌላው አንድ ረጅምና ሦስት አጭር። ለሁሉም የሚሆን ምልክትም ነበረ። እሱ ከተደወለ ሁሉም ቀፎውን ያነሳል፤ እሳት ተነሥቷል፣ ወይም ማዕበል እየመጣ ነው ማለት ነው። የጎረቤቱን ወሬ ቀስ ብሎ አንስቶ የሚያዳምጥስ? እሱም አልጠፋም! ምሥጢር ያለው ሰው በስልክ አያወራም ነበር።

በ1920 በተደረገው የእርሻ ቆጠራ ከ100 እርሻዎች 39 ያህሉ ስልክ ነበራቸው። ይህ በዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነው። አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ። ከአሥር ዓመት በኋላ በ1930 ቁጥሩ ወደ 34 ወረደ። በ1940 ደግሞ ወደ 25። የሠለጠነ ነገር ከዓመት ዓመት ሲጨምር እንጂ ሲቀንስ አናውቅም። ምን ነካው?

አንዱ ምክንያት ድህነት ነው። የእህል ዋጋ ወደቀ፤ በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ቀውስም ገበሬውን አጎሳቆለው። ወርኃዊ መዋጮ መክፈል ያቃተው ስልኩን አስነቀለ።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ከውስጥ የመጣ ነው። ምሰሶ ይበሰብሳል። ሽቦ ይዝጋል። ባትሪ ያልቃል። ብዙዎቹ የገበሬ መስመሮች ሲተከሉ ለመትከያው ገንዘብ ተዋጣ እንጂ ለጥገናው የተቀመጠ ገንዘብ አልነበረም። ለተከላው ደቦ የወጣው ሰው ሁሉ ለጥገናው አልወጣም። ከዚያ ሌላ ነገር መጣ። ከ1930ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የኤሌክትሪክ መብራት ወደ ገጠሩ ይገባ ጀመር። የገበሬዎቹ ስልክ የሚሠራው በአንድ ሽቦ ነበር፤ ሁለተኛው መንገድ መሬቱ ራሱ ነው። የኤሌክትሪኩ መስመር አጠገቡ ሲያልፍ ስልኩ ውስጥ ጉርምርምታ ሞላበት፤ ሰው ከሰው መሰማማት አቃተው። መድኃኒቱ ይታወቃል፤ ሁለተኛ ሽቦ መጨመር ነው። በምን ገንዘብ? መጠባበቂያ ያልያዘ ማኅበር ከየት ያመጣል? መብራቱ ሲገባ ስልኩ ደነቆረ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። እውነት ነው። ግን ድሩ ሲላላና ሲበጠስ የሚቀጥለው ከሌለ አንበሳው ተነሥቶ ይሄዳል።

ወደ ሁለተኛው ሙከራ እንለፍ። የአሜሪካ መንግሥት የገጠር ኤሌክትሪክ አስተዳደር የሚባል መሥሪያ ቤት በ1935 አቋቁሞ ለመብራት ሥራ ብድር ይሰጥ ነበር። ኦክቶበር 28 ቀን 1949 ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በፈረሙት ሕግ ብድሩ ለገጠር ስልክም እንዲውል ተፈቀደ። ወለዱ ከመቶ 2 ነበር፤ መክፈያው እስከ 35 ዓመት ይደርሳል። በዚህ ብድር የቆዩ የገበሬ መስመሮች ታደሱ፤ አዳዲስ ማኅበራትም ተቋቋሙ።

ብድሩ ግን እንዲያው በቃል አይሰጥም። የመሐንዲስ ፕላን ይቅረብ፤ የሂሳብ መዝገብ በሥርዓት ይያዝ፤ በመርማሪ ይታይ ተባለ። ሌላም ትልቅ ግዴታ ነበረበት። መንገድ ዳር ያለውን ቤት ብቻ መርጦ መሄድ አይቻልም፤ አቅም በፈቀደ መጠን ከኮረብታው ማዶ ያለውም ቤት መዳረስ አለበት።

እንዲህ ያለ ማኅበር ውስጡ እንዴት ይሠራል? አንደኛ፣ አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው። ሰፊ እርሻ ያለው ሰውዬና ብቻዋን የምትኖር አሮጊት በጉባኤው ላይ እኩል ናቸው። ሁለተኛ፣ አባላቱ ቦርድ ይመርጣሉ፤ ቦርዱ ሥራ አስኪያጅ ይቀጥራል። ሥራ አስኪያጁ ተቀጣሪ እንጂ ጌታ አይደለም። ሦስተኛ፣ ከወጪ የተረፈው ገንዘብ ለውጭ ባለ ሀብት አይሄድም። እያንዳንዱ አባል በተጠቀመው መጠን በስሙ ይመዘገብለታል። ገንዘቡ መጀመሪያ ለዕዳና ለጥገና ይሠራል፤ በኋላ የማኅበሩ አቅም ሲፈቅድ ለአባሉ ይመለሳል።

ያ አበዳሪ መሥሪያ ቤት በ1994 ተዘግቶ ሥራው ለሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተላልፏል። ማኅበራቱ ግን አሉ። ዛሬ በአሜሪካ ገጠር ከ200 በላይ የስልክ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ይሠራሉ። በብዙዎቹ ዘንድ የመዳብ ሽቦው በቀጭን የመስታወት ክር፣ ማለት በፋይበር ተተክቷል። ከስልክ ሌላ ኢንተርኔት ያስገባሉ፤ አንዳንዶቹ ቴሌቪዥንም ያቀርባሉ። የልጅ ልጆቹ በአያቶቻቸው መስመር ይማራሉ፣ ይነግዳሉ፣ ሐኪም ያማክራሉ።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። በእኛ አገር ስልክ በአፄ ምኒልክ ዘመን ገብቶ ለረጅም ጊዜ በመንግሥት እጅ ኖሯል። ስለዚህ የስልክ ኅብረት ሥራ ማኅበር ለጆሯችን እንግዳ ነው። እድር ግን እንግዳ አይደለም። እድርተኛ ገንዘቡን የሚያዋጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው እንዴ? አይደለም። ችግሩ ሳይመጣ ከወር ወር ያስቀምጣል። ድንኳኑ ሲቀደድ የሚሰፋበት፣ ወንበሩ ሲሰበር የሚጠገንበት አለው። የመጀመሪያዎቹ የስልክ ገበሬዎች የጎደላቸው ይህ ነው። ሁለተኛዎቹ በጽሑፍና በሂሳብ አጥብቀው ያዙት።

አሁን እናንተን አንድ ነገር ልጠይቅ። የዘር፣ የወተት፣ የቡና ወይም የቁጠባ ማኅበር አባል የሆናችሁ አላችሁ። የማኅበራችሁን መተዳደሪያ ደንብ አንብባችሁታል? በጉባኤው ላይ የሂሳብ ሪፖርት ሲነበብ ገቢው ይህን ያህል፣ ወጪው ይህን ያህል ሲባል ትከተላላችሁ? ወይስ ሌላው ሲያጨበጭብ ታጨበጭባላችሁ? ጣት አጥቅሶ መፈረም የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ብዙ አባቶቻችንና እናቶቻችን በዚያ ኖረዋል። ግን ልብ በሉ። ደንቡን ማንበብ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ማኅበሩ የዚያ ሰው ነው። ሌሎቻችሁ መዋጮ ከፋዮች ናችሁ። እሱ ደግ ሰው ቢሆን እንኳ፣ እሱ የሄደ ዕለት ማኅበሩም አብሮት ይሄዳል።

አስተማሪዎች፣ ለነገው ትምህርት እነዚህን አራት ቃላት በጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፉልን፤ ደንብ፣ ድምፅ፣ ሂሳብ፣ መጠባበቂያ። ተማሪዎች ቃላቱን አንብባችሁ ከጻፋችሁ በኋላ በሦስት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ። በእናንተ ማኅበር ለጥገና የሚቀመጥ ገንዘብ አለ? ካለ መጠኑን ከእናንተ ውስጥ ማን ያውቃል? ከሁሉም ርቆ ያለው ቤት የሚያገኘው አገልግሎት ቅርብ ካለው ጋር እኩል ነው?

የማኅበራችሁ ደንብ ካለ ለምናችሁ፣ ይዛችሁት ወደ ክፍል ኑ። ለማንበቢያ ከዚያ የተሻለ መጽሐፍ አላውቅላችሁም።