ትንሿ ታብሌት በቤታችን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአዳራሹ በተማሪዎች የተነገረ)



እኛ በዚሁ ትምህርት ቤት፥ አንዳችን በአሥራ አንደኛ ክፍል፥ አንዳችን በዘጠነኛ ክፍል የምንማር ወንድምና እኅት ነን። ከኛ አስቀድመው የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ሕዋና ስለ ታላላቅ ወንዞች ነግረውናል። እኛ ይዘን የመጣነው ጉዳይ ግን በጣም ትንሽ ነው፤ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ይኸውም በቤታችን በብፌው ላይ የምትቀመጠው ርካሽ ታብሌት ናት። ትንሽ ስለ ሆነች የሚነገርላትም ትንሽ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። እርሷ ከገባች ወዲህ ከቤታችን ሰው ያልተጠቀመባት አንድ ስንኳ የለም፤ በእርሷ ምክንያት ያላኮረፈም የለም።

በመጀመሪያ ስለ ስሟ እንናገር። ታብሌት ልትገዛ ነው ተብሎ በቤት ሲወራ አያታችን ሰሙና፥ «ደግሞ ማን ታመመ?» ብለው ደነገጡ። እርሳቸው የሚያውቁት ታብሌት የደም ግፊታቸው ክኒን ነበረ፤ የመድኃኒት ቤቱ ሰው በዚህ ስም እየጠራ ይሰጣቸዋልና። መድኃኒት ሳትሆን የምትነበብ ሰሌዳ ናት ብለን ብናስረዳቸው፥ «እንግዲያው ከምግብ በፊት ነው ወይስ ከምግብ በኋላ?» ብለው ጠየቁን። በዚያን ጊዜ ሁላችንም ሣቅን። ኋላ ግን ይህ ቀልድ የቤታችን ሕግ ሆነ።

የዚህች ዕቃ አሳብ ከመጀመሪያው ለልጆች ትምህርት ተብሎ የተጠነሰሰ መሆኑን ባነበብን ጊዜ ተደንቀናል። አላን ኬይ የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሊቅ፥ በካሊፎርኒያ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ቤት ሲሠራ ሳለ፥ እ.ኤ.አ. በ1972 «ዳይናቡክ» ብሎ የሰየመውን፥ እንደ ደብተር በእጅ የሚያዝ የልጆች ኮምፒዩተር በጽሑፍ ነደፈ። ዋጋውም ከ500 ዶላር እንዳይበልጥ ተመኘ። ነገር ግን በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን ዕቃ ለመሥራት የሚያስችል ብልኀት ስላልነበረ አሳቡ በወረቀት ላይ ቀረ። አፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 አይፓድን ባወጣ ጊዜ የመነሻው ዋጋ 499 ዶላር ሆነ። ከአምስት ዓመት በኋላ፥ በ2015፥ አማዞን ከጥግ እስከ ጥግ ሰባት ኢንች የምትሆን ፋየር የተባለች ታብሌት በ50 ዶላር ያህል መሸጥ ጀመረ። ርካሿ ግን የውዱን ያህል ትሠራለች ማለት አይደለም፤ ማስታወሻዋ ይቀንሳል፥ ካሜራዋ ይደበዝዛል፥ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ስታዟት ታስባለች። በእኛ ቤት «አሁን ጸሎት ላይ ናት» እንላለን።

በአገራችንም አንድ የሚገርም ነገር ተሞክሮ ነበር። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ ይድረስ ብሎ የተነሣው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች፥ ትምህርት ቤት ለሌላቸው ሕፃናት ታብሌቶችን በታሸገ ሣጥን አስቀመጠላቸው። ባትሪው በፀሐይ ኀይል ይሞላ ነበር፤ አስተማሪ ግን አልተመደበም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገረው፥ ልጆቹ ሣጥኑን ራሳቸው ከፍተው፥ መብሪያውን ራሳቸው ፈልገው፥ በአምስት ወር ውስጥ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ሳይቀር አሠሩት። ይህን ስናነብ ኮራን እንጂ አልተደነቅንም። የስድስት ዓመት ታናሽ ወንድማችን አባታችን በታብሌቷ ላይ ያደረጉትን የመክፈቻ ምልክት ያገኘው፥ መስተዋቷን ወደ መስኮት አዘንብሎ የጣታቸው ወዝ የተወውን መሥመር በማየት ነውና። እርሱንም ማንም አላስተማረውም።

የኛዪቱ አመጣጥ እንዲህ ነው። በ2012 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፥ አንዳችን አምስተኛ፥ አንዳችን ሦስተኛ ክፍል ነበርን፤ የቤት ሥራ በቴሌግራም የሚባለውን ነገር ያን ጊዜ ዐወቅን። ኋላም አዲሱ ሥርዐተ ትምህርት ሲገባ የታተመው መጽሐፍ ለሁላችን እኩል ስላልደረሰ፥ መጽሐፉ በዚያው መንገድ ይላክልን ጀመር። የፊዚክስን ቀመር በአባታችን ስልክ ማንበብ ጤፍ አንድ በአንድ እንደ መቍጠር ያለ ሥራ ነው፤ ስልኩም ከባለቤቱ ጋር ጧት ወጥቶ ማታ ይገባል። እናታችን በ2016 ዓ.ም. የእቁብ ዕጣ በወጣላቸው ጊዜ፥ ለራሳቸው ሊያሠሩ ያሰቡትን ቀሚስ ትተው፥ አጎታችንን ከደብረ ብርሃን ወደ መርካቶ ልከው በ8,500 ብር ይህችን አስመጡልን። ስፋቷ 8 ኢንች ነው። ማከማቻዋ 32 ጊጋባይት ነው ተብሎ በካርቶኑ ላይ ተጽፏል፤ ስንከፍታት ግን 11ዱ በራሷ ሥርዐት ተይዞ አገኘነው። አንዱን ክፍል በገዛ ዕቃው ሞልቶ ቤት የሚያከራይ ሰው አይታችሁ እንደ ሆነ እንዲሁ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ወሮች ጥሩ ነበሩ። አባታችን ዐይናቸው ከደከመ ወዲህ የተዉትን ጋዜጣ ፊደሉን እያሰፉ ማንበብ ጀመሩ። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ጅዳ የምትሠራው አክስታችን ዕረፍቷ ስለ ሆነ፥ በአባታችን ስልክ ኢንተርኔት እየተቀበልን በምስል እናገኛታለን። አያታችን በስልኳ ትንሽ መስኮት ሲያይዋት «ከሳሽ» ይሏት ነበር፤ በታብሌቷ ሲያይዋት ግን እንዳልከሳች አመኑ።

መብራት በጠፋ ማታ ደግሞ ጥቅሟ ይበልጥ ይታያል። በፊዚክስ የተማርነውን ይዘን አንድ ቀን አሰላነው፤ ባትሪዋ 5,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት በ3.8 ቮልት ነው፥ ይህም 19 ዋት ሰዓት ይሆናል። አንድ የ60 ዋት አምፑል ይህን በ19 ደቂቃ ይጨርሰዋል። እርሷ ግን ብርሃኗን ዝቅ አድርገን መጽሐፍ ብናነብባት ስድስት ሰዓት ያህል ትቆያለች። ለባትሪዋ የሚያስፈራው ሙቀት መሆኑን ያወቅነው በታናሽ ወንድማችን ነው። የከተማችንን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ እርሱ እንዳይበርዳት ብሎ ኀይል እየሞላች ሳለ በአያታችን ጋቢ ጠቅልሎ አስተኛት። ስናወጣት ከእንጀራ ምጣድ የወጣች ትመስል ነበር።

አሁን ደስ ወደማይለው ነገር እንምጣ። ለትምህርት የተገዛች ዕቃ መሆኗን ቀስ በቀስ ረሳን። መጽሐፉን ከፍተን አንድ ገጽ ሳንጨርስ ፊልም ይመጣል፤ ፊልሙን ትተን ስንመለስ ሌሊት ሆኗል። በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ውጤት ሲነገር የታላቃችን ደረጃ ከ8ኛ ወደ 19ኛ ወርዶ ተገኘ፤ የታናሻችንም የሚያኰራ አልነበረም። አባታችን ካርዱን አይተው ምንም አልተናገሩም። በማግሥቱ ታብሌቷን በፌስታል ጠቅልለው ሊሸጧት ሲወጡ አያታችን ከደጃፍ አስቆሟቸው። «አንተ ልጅ፥ መድኃኒቱን እንዳዘዙለት ሳይወስድ የቀረ ሰው ጥፋቱን በመድኃኒቱ ላይ ይጥላልን?» አሏቸው። አባታችን ጥቂት ቆመው ተመለሱ፤ ፌስታሉን ግን እስከ ማታ አልፈቱትም።

በዚያው ማታ እናታችን ወረቀት አምጥተው ሁላችንም በተሰበሰብንበት «ማዘዣ» ጻፉና በብፌው በር ላይ ለጠፉት። ታብሌቷ ከሳሎን አትወጣም፤ መኝታ ቤት መግባቷም ቀረ። ገበታ ቀርቦ ሳለ አባታችን ጭምር አይነኳትም። ከራት በኋላ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ለተማሪ ናት፤ ዓርብ ግን ለአክስታችን። ታናሽ ወንድማችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት አለው፤ የተፈረደበት መስሎት በፊርማ ፈንታ ጥንቸል ሣለበት። ማዘዣው ሁልጊዜ ተጠብቋል ብንላችሁ፥ እዚህ የተቀመጡት እናታችን ይሥቁብናል። ቢሆንም በዓመቱ መጨረሻ 19ኛው ወደ 11ኛ ተመለሰ። ለመጻፍ ግን ታብሌቷን አንመክራችሁም፤ በዚያች ጠባብ ገጽ አማርኛ መጻፍ ትዕግሥት ይጨርሳልና፥ ደብተርና እስክርቢቶ ይሻላል።

የመጨረሻው ነገር ለመናገር የሚያሳፍረን ነው፤ ነገር ግን ለዚህ ብለን ስለ ተነሣን እንናገረዋለን።

አያታችን የመንዝ ተወላጅ ናቸው፤ ዘራቸውን እስከ ሰባት ቤት ይቈጥራሉ። አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ በከሰሉ ዙሪያ ተቀምጠን ሳለ የአባቶቻቸውን ነገር ይነግሩን ጀመር። ከእኛ አንዳችን በታብሌቷ ድምፃቸውን እንቅዳ አልን፤ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ተናገሩ። ለቅጂው ስም ሳንሰጠው «ድምፅ 14» ተብሎ ተቀመጠ።

ከወሮች በኋላ የፈተና መለማመጃ ልናወርድ ስንል «ቦታ የለም» አለችን። ቸኵለን ነበር። የማናውቀውን ስም ሁሉ እየፈለግን ስናጠፋ አንዳችን አመለከትን፥ አንዳችን ተጫንን፤ «ድምፅ 14» ከዚያ ውስጥ ነበረ። ስሕተታችንን ያወቅነው በሳምንቱ ነው። የአይ ሲ ቲ መምህራችንን ስንጠይቅ ታብሌቷን ገልጠው አሳዩን። ቦታውን የያዘው ቴሌግራም ነበረ፤ ያየናቸውን ፊልሞችና ሥዕሎች ሁሉ እያወረደ 9 ጊጋባይት ያህል አከማችቷል። እነዚያ ቢጠፉ በቴሌግራም ዘንድ ስለሚቀመጡ ዳግመኛ ይወርዳሉ። የአያታችን ድምፅ ግን ከዚህች ሰሌዳ በቀር በየትም አልነበረም፤ የያዘውም 96 ሜጋባይት ብቻ ነበር፤ ከዚያ ኮተት አንድ መቶኛውን ያህል ማለት ነው። መምህራችን ይህን ሲነግሩን ሁለታችንም መሬት መሬት አየን።

ለአያታችን ሳንነግራቸው ሦስት ሳምንት ቆየን። በመጨረሻ ስንነግራቸው ታናሻችን አለቀሰች። እርሳቸውም፥ «ምነው፥ የሞትሁ መሰላችሁ? የረሳችው ሰሌዳችሁ ናት እንጂ እኔ አልረሳሁ። ይልቅ ቡናውን አፍሉና ተቀመጡ» አሉን። በዚህ ጊዜ አባታችን የ64 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ ገዝተው ነበርና በዚያ ላይ ቀዳን፤ በስማቸውና በቀኑ ሰየምነው፤ በዚያው ሌሊት ወደ አባታችን ስልክም አሻገርነው።

ሁለተኛው ቅጂ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነው። ቅድም አያቶቹ ሁሉ በየተራቸው መጡ። አንድ ሰው ግን ቀረ። በመጀመሪያው ምሽት፥ የአያታችን አያት አንድ ወንድም ነበራቸው፤ በርስት ተጣልተው ወደ አርሲ ሄዱና አልተመለሱም ብለው ነግረውን ነበር። «እምዬ፥ ያ ወደ አርሲ የሄዱት ወንድማቸውስ?» ብለን ጠየቅናቸው። ሲኒያቸውን አስቀመጡና፥ «ይህን ደግሞ ማን ነገራችሁ?» አሉን። «እርስዎ ነዎት» አልናቸው። «እኔ?» አሉና ዝም አሉ። ረስተውት ይሁን፥ ወይም በጨለማ የተናገሩትን በብርሃን ሊደግሙት ሳይፈልጉ ቀርተው ይሁን፥ እኛ አልገባንም። የሰውዬውን ስም ግን ከሁለታችን አንዳችንም አናስታውሰውም።

አያታችን ዛሬ በሦስተኛው ረድፍ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል፤ ከዚህ ስንወርድ ደግመን እንጠይቃቸዋለን።