ከመንዝና ከግሼ ብራናዎች በምስል ማያ ላይ



የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣቱ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1973 ከተጀመረ በኋላ፣ ካሜራው ከደረሰባቸው ስፍራዎች መካከል የመንዝና የግሼ አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በሚኒሶታ ሆነው ዝርዝራቸውን ካዘጋጁላቸው ከእነዚያ ፊልሞች ብዙዎቹ ዛሬ በኮምፒውተር ይታያሉ።

ተማሪዎቼን አስቀድሜ የምመክራቸው፣ ከማንበባቸው በፊት ገጾቹን ሁሉ አሳንሰው፣ ደርድረው እንዲያዩ ነው። ሐረጉ የት እንደ ተሣለ፣ የጸሐፊው እጅ የት እንደ ተለወጠ በአንድ አፍታ ይገለጣል። ማጉላቱ ከዚያ በኋላ ነው።

ፊልሙ ግን ጥቁርና ነጭ ነው፤ በቀይ ቀለም የተጻፈውን ስም ከጥቁሩ ለመለየት ያስቸግራል። እኔም በአንድ የመንዝ ተአምረ ማርያም ላይ «ቀለሙ የደበዘዘ» ብዬ የመዘገብሁትን ስፍራ፣ ከዓመታት በኋላ ብራናውን በእጄ ስይዘው፣ ተፍቆ በላዩ ሌላ ስም የተጻፈበት ሆኖ አገኘሁት። መጽሐፉን ያወጡልኝ አባት፣ «የፊተኛው ያስጻፈው ነው፤ የኋለኛው የገዛው» አሉኝ።

ወደ ምስሉ ተመለስሁ። ብርሃኑን ቀንሼ የጥቁርና የነጩን ልዩነት ከፍ ባደርገው፣ የፍቀቱ ጠርዝ እዚያው ነበር፤ ያልፈለግሁት እኔ ነኝ። ከፊተኛው ስም እስካሁን ያነበብሁት ሁለት ፊደል ብቻ ነው።