ቤተሰብን ይዞ ወደ ውኃ መውጣት
(በራዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

ከዚሁ ከደብረ ታቦር አንዲት እናት ጥያቄ ልከውልናል። ልጆቻቸው ቢሾፍቱ ያለውን የውኃ መጫወቻ በቴሌቪዥን አይተው «እኛንስ መቼ ትወስዱናላችሁ?» እያሉ ቤቱን አስጨንቀውታል። አባት ደግሞ «ይህ የሙስሊም ቤት ነገር አይደለም» ብለው ነገሩን ዘግተውታል። እናትየው የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው። ልጆችን ይዞ ለአንድ ቀን ወደ ውኃ መውጣት በዲናችን ነውር አለበትን? ነውር ከሌለበትስ ሰላታችንም፣ ሐያችንም፣ ሕፃናቱም ተጠብቀው እንዲመለሱ እንዴት ይታቀዳል?

በመጀመሪያ ለአባትየው ተገቢውን ክብር እንስጥ። ሥጋታቸው ከባዶ የመጣ አይደለም። በመዋኛ ሥፍራዎች የምናየው መራቆት፣ የወንድና የሴት መቀላቀል፣ መጠጡና ዘፈኑ አንድን አባት ቢያስፈራው አይፈረድበትም። ነገር ግን ሥጋት ያለበትን መንገድ ማስተካከል አንድ ነገር ነው፣ የተፈቀደውን ሐራም ማድረግ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሐንዘላ (ረ.ዐ.) ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ሲሆን ልቡ እንደሚለሰልስ፣ ቤቱ ሲገባና ከሚስትና ከልጆቹ ጋር ሲጫወት ግን ያ ስሜት እንደሚጠፋበት ተናግሮ «ሙናፊቅ ሆንኩ» ብሎ ተጨንቆ ነበር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለዚያም ለዚህም ጊዜ እንዳለው ነግረው አረጋጉት። ሙስሊም በሶሒሓቸው ዘግበውታል። ነሳኢ በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ ከከንቱ ጨዋታ የማይቆጠሩ አራት ነገሮች ተጠቅሰዋል። ከአራቱ አንዱ ሰው ከቤተሰቡ ጋር የሚጫወተው ጨዋታ ነው፣ ሌላው ዋና መማር ነው። እንግዲህ ቤተሰብና ውኃ በአንድ ሐዲስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው እያለ «የሙስሊም ቤት ነገር አይደለም» ማለት ይከብዳል።

ቢሾፍቱን በተመለከተ ነገሩን በአጭሩ እንቋጨው። የኩሪፍቱ የውኃ መጫወቻ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተ ሰፊ ሥፍራ ነው። ከደብረ ታቦር ግን ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚታሰብ አይደለም። ልጆቹን «ኢንሻአላህ» እያሉ ማታለልም አይገባም፤ «ኢንሻአላህ» የእምቢታ ማለስለሻ ሆኖ ልጆቻችን ቃሉን ሳያከብሩት እያደጉ ነው። እዚያ ለመሄድ አቅሙ ያላችሁ፣ ወይም አዲስ አበባ ዘመድ ጥየቃ የምትሄዱ ቤተሰቦች፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሙሉ ልብስ ለብሶ ውኃ መግባት ይፈቀድ እንደሆነ፣ ሰው የሚያንስበት ቀን የትኛው እንደሆነ በስልክ ጠይቁ። አንዳንድ የመዋኛ ሥፍራዎች ከተወሰነ ልብስ በቀር አያስገቡም። በር ላይ ደርሶ ሴት ልጅን «ያንን አውልቂ» ከሚል ዘበኛ ጋር ማፋጠጥ ለእርሷ የዕድሜ ልክ ቁስል ነው።

ለእኛ ግን አላህ ቅርብ ነገር ሰጥቶናል። ከደብረ ታቦር በዓለም ሳጋ ደን በኩል ቁልቁል ወርደን፣ ዓለም በርን አልፈን፣ ወረታ ስንደርስ ወደ ግራ ታጥፈን፣ በሐሙሲት አድርገን ባሕር ዳር እስክንገባ መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ2,700 ሜትር ከፍታ ወደ 1,800 ሜትር ግድም እንወርዳለን። ልጆች ጠዋት በጋቢ ተጠቅልለው ተነሥተው ወረታ ላይ ሹራባቸውን ያወልቃሉ። ከተማው መግቢያ ላይ በግንቦት 2016 የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው የዓባይ ድልድይ አለ፤ እርሱን ማየት ብቻውን ለልጅ ጉዞ ነው። ፍል ውኃ የሚወድ ደግሞ በዚሁ በዞናችን በደራ ወረዳ ዋንዛዬ አለለት።

አሁን ወደ ዕቅዱ እንግባ። የሁሉም መነሻ መንገዱ ሰላም መሆኑ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተፈጠረው ግጭት ስንቱ ጉዞ እንደተሰናከለ፣ ስንቱ ቤተሰብ ሐዘን እንደተቀመጠ ሁላችን እናውቃለን። ስለዚህ በዋዜማውም በዕለቱ ጠዋትም ወረታና ሐሙሲት ላሉ ዘመዶች ደውሉ። «መኪና አልፏል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተወኩልን አያፈርስም። ግመሉን አስረህ በአላህ ተመካ የተባለው ለዚህ ነው። ከጥያቄያችሁ በኋላ ልባችሁ ካልረጋ ቅሩ። ልጅ ለአንድ ቀን አልቅሶ ይረሳዋል።

ቀኑን በተመለከተ ዓርብ ባይሆን ይመረጣል፣ ጁሙዓ እንዳያመልጥ። ቅዳሜ ወይም የዒድ ሁለተኛ ቀን ጥሩ ነው። ወሩ ደግሞ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ይሁን። በክረምት ጉማራና ርብ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቁታል፣ ሐይቁም ይደፈርሳል።

ሰላትን አስቀድመን እንወስን፤ ያልተወሰነ ሰላት መንገድ ላይ ይጠፋል። ፈጅርን ቤታችን ሰግደን እንነሣ። ባሕር ዳር ከቤታችን ያለው ርቀት አብዛኞቹ ዑለማዎች ለሙሳፊር ከወሰኑት ከ80 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚያልፍ ዙህርንና ዐስርን ሁለት ሁለት ረከዓ አድርገን ማሳጠር ይቻለናል። ወረታ ድረስ ብቻ የሚሄድ ሰው ግን ይህ አይመለከተውም። በሻፊዒ መዝሀብ የምንሰግድ ዐስርን አምጥተን ከዙህር ጋር በዙህር ወቅት መሰብሰብ እንችላለን። ዙህር በአካባቢያችን ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይገባል። ሁለቱን በአንድነት ሰግደን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብንነሣ ከመግሪብ በፊት ቤታችን እንገባለን። ደብረ ታቦር ስንደርስ የዐስር ወቅት ገና ቢሆንም የሰገድነው ይበቃናል፣ አይደገምም። በሐነፊ መዝሀብ የሚሰግዱ ወንድሞቻችን ያሳጥራሉ እንጂ በጉዞ አይሰበስቡም፤ እነርሱ ዐስርን በወቅቱ መንገድ ላይ ወርደው ይስገዱ። ሁለቱም መዝሀብ በአንድ መኪና ሊጓዙ ስለሚችሉ ጭቅጭቁን ከመነሣታችን በፊት እንጨርሰው።

እዚህ ላይ በራሳችን የደረሰውን ሳንደብቅ እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የመድረሳችንን ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ይዘን ወደ ሐይቁ ወጥተን ነበር። ባሕር ዳር በጣና ደቡብ ዳርቻ ስላለች ቂብላው በሐይቁ አቅጣጫ ነው፤ ሰጋጅ ፊቱን ወደ ውኃው ሰጥቶ ይቆማል። ደስ ብሎን አዛን ተባለ፣ ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ ሶፍ ሠራን። ትልቅ ሰው ሁሉ ሰላት ውስጥ ገባ። ዓይናችንም እንደሚገባው የሱጁዳችን ቦታ ላይ ነበር። ሱጁድ ስንወርድ ዳር ቁጭ ብሎ ድንጋይ ሲወረውር የነበረ የሰባት ዓመት ልጅ ቀና ስንል የለም። መጀመሪያ የጮኸው በታንኳ ያልፍ የነበረ ዓሣ አጥማጅ ነው። ከሶፉ አንድ ወጣት ሰላቱን አቋርጦ ሮጠ፣ ታንከኛውም ቀዘፈ፣ ልጁን በሕይወት አወጡት፣ አልሐምዱሊላህ። ዓሣ አጥማጁ ክርስቲያን ወንድማችን ነበር፤ ገንዘብ ብንሰጠው አልቀበልም አለን።

ከዚያ በኋላ አንድ ሽማግሌ «ሰላቱን ያቋረጠው ልጅ ምን ይደርስበታል?» ብለው ጠየቁን። ሰላቱን እንደገና ይሰግዳል እንጂ ምንም አይደርስበትም። እንዲያውም ዑለማዎች የሚሰምጥን ሰው ለማዳን ሰላትን ማቋረጥ ግዴታ መሆኑን ጽፈዋል። ጥፋቱ የእኛ የኢማሞቹ ነበር። አንድ ጀማዓ እንዲሆን ብለን ሕፃናቱን ያለ ጠባቂ ትተናቸዋል። ከዚያ ወዲህ ውኃ ዳር በሁለት ዙር እንሰግዳለን፣ ግማሹ ይሰግዳል፣ ግማሹ ልጆቹን ያያል። በዚያ ቀን ሰላት የሌለባት እህት ካለችም ጥበቃውን ብትይዝ ትልቅ አጅር ነው። ጠባቂው ስልክ አይነካ። ከአሥር ዓመት በታች ላለ ልጅ ጠባቂው በእጅ ርቀት ይሁን። የደጋ ልጅ ዋና አያውቅም፤ ውኃ የሚያውቀው በጄሪካን ነው።

ውኃውንም እንምረጠው። ጣና ሁሉ አንድ አይደለም። ደንገልና ሣር ባለበት ዳርቻ በባዶ እግር መግባት ለቢልሃርዚያ ያጋልጣል። በሽታው ከትንንሽ የውኃ ቀንድ አውጣዎች የሚወጣ ነው፣ በቆዳ በኩል ይገባል፣ ምልክቱም ከሳምንታትና ከወራት በኋላ ሊታይ ይችላል። ልጅ ሐይቅ ገብቶ ቆይቶ ሆዱን ቢያመው ወይም በሰገራው ደም ቢታይ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ «ጣና ገብቷል» ብላችሁ ንገሩ። መድኃኒት አለው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፤ እዚያ ጨርሶ አይዋኝም። እንቦጩ ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ በእኛው በፎገራና በሊቦ ከምከም በኩል ሐይቁን ሲያስጨንቅ ኖሯል፤ ልጆች እግራቸው ሥሩ ውስጥ ይያዛል። ስለዚህ ለመዋኘት ንጹሕ የመዋኛ ገንዳ ይሻላል፤ ሐይቁ ለጀልባና ለማየት ይሁን። ጀልባ ስትይዙ ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት ለእያንዳንዱ ልጅ መኖሩን በዓይናችሁ ቁጠሩ። ወባ ያለበት አገር ስለሆነም ሳይመሽ መነሣቱ ሁለት ጥቅም አለው።

ስለ ልብስ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የወንድ ዐውራ ከእምብርት እስከ ጉልበት ነው፤ ይህ ለአባቶችም ነው፣ ለሴቶች ልጆቻቸው ብቻ ሲቆጡ የምናያቸው አባቶች አሉና። ለሴቶች ሰውነት ላይ የማይጣበቅ ወፍራም ጠቆር ያለ ልብስ ይዘጋጅ፣ ቅያሪም አይረሳ። ዐሥርና አሥራ አምስት ቤተሰብ ከተሰባሰበ ገንዳውን ለሁለት ሰዓት ለሴቶች ብቻ መከራየት የሚቻልበት ቦታ አለ፤ ጠይቁ። ፎቶውን ግን ተዉት። እርጥብ ልብስ የለበሰች ሴት ልጅ ምስል በቴሌግራም ከወጣ በኋላ የሚመልሰው የለም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የሚያሳዝነንን ነገር እንናገር። በብዙ ጉዞ ላይ ወንዶቹ ሲዋኙ እናቶችና ታላላቅ ሴት ልጆች ጥላ ሥር ዕቃ ሲጠብቁና ሽንኩርት ሲከትፉ ይውላሉ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጋር በጉዞ ላይ ሩጫ ተሽቀዳድመዋል፣ አንድ ጊዜ እርሷ ቀደመች፣ ሌላ ጊዜ እርሳቸው ቀደሙ። በዒድ ቀንም የእኛው ሐበሾች በመስጊድ በጦር ሲጫወቱ እስክትጠግብ ድረስ እንድታይ ቆመውላታል። እናንተም ቁሙላቸው። ምግቡ ቀላል ይሁን፤ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንችና እንቁላል፣ ቆሎ ይበቃል። ትኩስ ካማራችሁ ባሕር ዳር ዓሣ አለ። ዓሣ መታረድ ስለማያስፈልገው የእርድ ጥያቄ የለበትም፤ የሚጠበስበት ዘይት ሥጋ የተጠበሰበት እንዳይሆን ብቻ ጠይቁ።

ወጪውን በተመለከተ በብድር አትውጡ። ሁለት ሦስት ቤተሰብ አንድ ሚኒባስ ቢከራይ ይቀላል። ወንበር ከተረፈም በጎረቤት ያለውን የቲም ልጅ አስቡት፤ የእናንተ ልጆች ሲመለሱ የሚያወሩትን ወሬ በአጥር በኩል ብቻ እንዳይሰማው።

ለጠያቂዋ እናት የምንለው ይህንን ንግግር ለአባትየው ያሰሟቸው፣ ከተስማሙም የትንሹን ልጅ እጅ ውኃ ውስጥ የሚይዙት እርሳቸው ይሁኑ። በጀልባ ላይ ስለሚሰገድ ሰላት የጠየቁን ወንድም ከእስቴ ናቸው፤ መልሱን በሚቀጥለው ዝግጅታችን ኢንሻአላህ እናቀርባለን። ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።