ፊሽካውን ማን ይያዝ?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ከስፖርት ክበብ አባላት በአንዱ የተደረገ ንግግር



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ የልጆች ነገር ይመስላችሁ ይሆናል። ይኸውም በእግር ኳስ ጨዋታ ፊሽካውን የሚይዘው ሰው እንዴት ይመረጣል የሚለው ነው። ነገሩ የልጆች አለመሆኑን ለመረዳት ግን የቢቸናና የሞጣ ተማሪዎች በሚገናኙበት ቀን ከሜዳው ዳር መቆም ይበቃል። እንግዳው ቡድን «ዳኛው የእናንተ መምህር ነው» ይላል፤ ባለሜዳው «ታዲያ ከሰማይ እናውርድላችሁ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ከጨዋታው በኋላ እስከ አውቶቡሱ ድረስ የሚከተለው ጠብ የሚነሣው ግብ በመግባቱ አይደለም፤ ፊሽካውን የነፋው ሰው አስቀድሞ ባለመታመኑ ነው።

አባቶቻችን ይህን ከእኛ ይልቅ አጥብቀው ያውቁት ነበር። እንግሊዞች ለችሎቱና ለሜዳው ሰው የተለያየ ስም ሲሰጡ፣ እኛ ሁለቱንም ዳኛ ብለን መጥራታችን ያለ ምክንያት አይመስለኝም። በቀድሞው ዘመን መንገድ ላይ የተጣሉ ሰዎች አላፊ አግዳሚውን አስቁመው በፊቱ ይሟገቱ ነበር። ያ መንገደኛ የአንደኛው ወገን ዘመድ ሆኖ ቢገኝ ግን ፍርዱን ማን ይቀበለው ነበር?

የዓለም ዋንጫ ሲጀመር ይህን ያህል እንኳ ጥንቃቄ አልተደረገበትም። በ1922 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1930፣ በኡራጓይ በተደረገው የመጀመሪያ ውድድር የቦሊቪያ ቡድን አሠልጣኝ ኡሊሴስ ሳውሴዶ የአርጀንቲናንና የሜክሲኮን ጨዋታ በዋና ዳኝነት መሩት፤ የሩማንያ አሠልጣኝ ደግሞ በዚያው ጨዋታ የመሥመር ዳኛ ሆኑ። እንግዲህ ተወዳዳሪው በተወዳዳሪ ላይ ፈረደ ማለት ነው። በፍጻሜው ቀን አርጀንቲናና ኡራጓይ በማን ኳስ እንጫወት ብለው ስለተጣሉ፣ የቤልጂጉ ዳኛ ዣን ላንጌኑስ ግማሹን በአንደኛው ኳስ፣ ግማሹን በሁለተኛው አጫወቱ። አርጀንቲና 2 ለ 1 እየመራች ዕረፍት ወጣች፤ ኡራጓይ 4 ለ 2 አሸነፈች። ይህን ስንሰማ የምንስቀው የራሳችንን ሜዳ ስለሚያስታውሰን ነው።

ዛሬ አካሄዱ ሌላ ነው። የየአገሩ ፌዴሬሽን በየዓመቱ የዳኞቹን ስም ለፊፋ ያቀርባል፤ ፊፋ ተቀብሎ በዝርዝሩ ላይ ያስገባው ሰው ኢንተርናሽናል ዳኛ ይባላል። ዕድሜው ከ25 ዓመት ማነስ የለበትም፤ በአገሩ ከፍተኛ ሊግም ያጫወተ መሆን አለበት። ከእነዚህ መካከል ለዓለም ዋንጫ የሚታሰቡት ውድድሩ ከመድረሱ ከዓመታት በፊት ተለይተው ይከታተሏቸዋል። በአህጉራቸው ዋንጫና በወጣቶች ውድድር ያጫወቱት ይመረመራል፤ የጨዋታውን 17 ሕጎች ይፈተናሉ፤ በሐኪም ይታያሉ። የሩጫውን ፈተና ወንዶቹ ጓደኞቼ በእኛ ሜዳ እንዲሞክሩት እለምናለሁ። መጀመሪያ 40 ሜትር ስድስት ጊዜ፣ እያንዳንዱን ከ6 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ መሮጥ ነው። ከዚያ 75 ሜትር በ15 ሰከንድ ሮጦ 25 ሜትር በ18 ሰከንድ በእርምጃ መሄድ፤ ይህንንም 40 ጊዜ መደጋገም። ፈተናውን ያላለፈ ሰው ዝናው አያድነውም።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የተመረጠው ዳኛ የአገሩ ቡድን በሚጫወትበት ጨዋታ አይመደብም። አገራችን ለወንዶች የዓለም ዋንጫ አልፋ ስለማታውቅ የእኛ ዳኞች ከዚህ እንቅፋት ነፃ ናቸው፤ ይህ የሚያስቅ ይሁን የሚያሳዝን ለእናንተ እተወዋለሁ።

ይሁን እንጂ ከአንድ ወገን አለመሆን በመታወቂያ ወረቀት ብቻ የሚለካ አይደለም። በ1962 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ በሜክሲኮ ሲደረግ ኢትዮጵያዊው አቶ ሥዩም ታረቀኝ ከዳኞቹ አንዱ ነበሩ። ሰኔ 4 ቀን በቶሉካ ከተማ ጣሊያንና እስራኤል ሲጋጠሙ አቶ ሥዩም በመሥመር ዳኝነት ቆሙ። ልብ በሉ፤ ጣሊያን ከአገራችን ከወጣ ገና 29 ዓመቱ ነበር። እኛ የበላይ ዘለቀ አገር ልጆች ይህን ስንሰማ ልባችን ወዴት እንደሚያዘነብል አይጠፋኝም። ጣሊያኖች ያገቡት ግብ በአቶ ሥዩም ባንዲራ ተሻረ፤ ጨዋታውም ያለ ግብ አለቀ። በጣሊያን አገር ትልቅ ቍጣ ተነሣ። ጨዋታውን ያስተላለፈው ስመ ጥሩ ጋዜጠኛ ኒኮሎ ካሮሲዮ ኢትዮጵያዊውን ሰድቧል የሚል ወሬ ተነዛ፤ ቀጥሎ ያሉትን የጣሊያን ጨዋታዎች ሌላ ሰው አስተላለፈ። ከብዙ ዘመን በኋላ የተቀዳው ድምፅ ሲመረመር ግን የተባለው ስድብ አልተገኘበትም። እኔን የሚያስደንቀኝ ስድቡ መነገሩ ወይም አለመነገሩ አይደለም። በጣሊያን ጨዋታ ላይ ባንዲራውን ለአንድ ኢትዮጵያዊ የሰጡት መራጮች ሰውየው የሚያየው ኳሱን እንጂ የአድዋንና የማይጨውን ጦርነት አይደለም ብለው ማመናቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ በ2010 ዓ.ም. በሩሲያ ለተደረገው የዓለም ዋንጫ ከተመረጡት 36 ዋና ዳኞች ስድስቱ የአፍሪካ ሲሆኑ፣ አንዱ የእኛው ባምላክ ተሰማ ነበሩ። ነገር ግን መመረጥ ሁሉ ሜዳ መግባት አይደለም። ባምላክ በአራተኛ ዳኝነት ከመሥመሩ ውጭ ቆሙ እንጂ አንድም ጨዋታ በዋና ዳኝነት አልመሩም። ይህ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ተጠባባቂ ሆኖ የተቀመጠ ተጫዋች ያውቀዋል። ጥር 25 ቀን 2014 ዓ.ም. የቡርኪና ፋሶንና የሴኔጋልን የአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሲመሩ ለሴኔጋል ሁለት ጊዜ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጥተው፣ ሁለቱንም ጊዜ ምስሉን ካዩ በኋላ ሻሩት። በሺሕ በሚቆጠር ሕዝብ ፊት የራስን ፍርድ መሻር ከመፍረድ ይከብዳል።

እኅቶቻችንም ይስሙ። የጅማዋ ተወላጅ ሊዲያ ታፈሰ በመጀመሪያ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበሩ፤ ኋላ ግን በ2007 ዓ.ም. በካናዳና በ2011 ዓ.ም. በፈረንሳይ ለተደረጉት የሴቶች የዓለም ዋንጫዎች ከዳኞች መካከል ተመረጡ። በትምህርት ቤታችን ግን ሴት ልጅ ፊሽካ ብትይዝ ከሚስቁት መካከል አንዳንዶቹ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ አሉ።

አሁን ወደ ራሳችን ሜዳ ልመለስ። ከቢቸና ወደ ሞጣ ስንሄድ ደብረ ወርቅን እናልፋለን። የደብረ ወርቅ ልጆች የማንኛችንም ወገን አይደሉም፤ ከሁለታችንም ጋር ግን ገበያ ይውላሉ። ስለዚህ በስፖርት ክበቡ ስም የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የሚመጣው ዓመት የቢቸናና የሞጣ ጨዋታ በደብረ ወርቅ ሦስት ዳኞች ይመራ። ስማቸው ጨዋታው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለሁለቱም ትምህርት ቤቶች ይነገር፤ የመኪናና የምሳ ወጪያቸውን ሁለታችን እኩል እንክፈል። ደብረ ወርቅና ሞጣ ሲጫወቱ ደግሞ ከእኛ ይጠይቁናል፤ ያን ጊዜ የምንልከው ሰው እንዳናጣ ከአሁኑ ስድስት ተማሪዎች፣ ሦስት ወንዶችና ሦስት ሴቶች፣ ሕጎቹን እንዲማሩ ይመደቡ። ስማቸውን ማስመዝገብ የሚፈልጉ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ወደ ክበቡ ክፍል ይምጡ።