የአስማሚው ደመወዝ



እ.ኤ.አ. በ1913 አንድ የቁጥር ሰው ከዋሽንግተን ወደ ኒው ዮርክ ተላከ። ኤተልበርት ስቱዋርት ይባላል። እንጀራው በአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ነው፤ ደመወዝና የሥራ ሰዓት ይቆጥራል። የተላከው ግን ለሽምግልና ነበር። በኮሎራዶ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች አድማ ለመምታት ተነሥተዋል፤ የትልቁ ኩባንያ ባለድርሻ ሮክፌለር ያለው ደግሞ ኒው ዮርክ ነው። ስቱዋርት ደጅ ጠንቶ ተመለሰ። ነገሩ የኮሎራዶ ሥራ አስኪያጆች ጉዳይ ነው ተባለ። አድማው ተመታ፣ ክረምቱ አለፈ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 1914 ሉድሎው ላይ የአድማኞቹ የድንኳን ሰፈር ነደደ። ከአንድ ድንኳን ሥር በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ የተሸሸጉ 11 ሕፃናትና 2 ሴቶች ሞተው ተገኙ።

ስቱዋርት ባይላክ ኖሮ ነገሩ ይለወጥ ነበር ለማለት አይደለም፤ አልሰማም ያለን ሰው ማንም ሽማግሌ አያስማማውም። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የተገኘው ሰው ከቆጠራ ቢሮ የተዋሰ መሆኑ። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር የተቋቋመው ስቱዋርት በተላከበት በ1913፣ ማርች 4 ቀን ነው። ሕጉ ለሚኒስትሩ የማስማማትና አስማሚዎችን የመሾም ሥልጣን ሰጠው፤ ሥልጣኑ ሲመጣ ግን ገንዘቡ አብሮት አልመጣም። የመጀመሪያው ሚኒስትር ዊልያም ዊልሰን ስኮትላንድ የተወለደ፣ በ9 ዓመቱ ማዕድን ጉድጓድ የገባ ሰው ነበር። ባዶ እጁን መዋል ስላልሆነለት ከሌሎች የሚኒስቴሩ ክፍሎች ሰው እየተዋሰ ይልክ ጀመር።

በእኛ ወግ ሽማግሌ ገንዘብ አይቀበልም። ቡና ይፈላለታል፣ ይመረቃል፣ ይመርቃል፣ በቃ። ከአንዱ ወገን አንዲት ብር ከነካ ሽምግልናው ያኔ ያበቃል። ግን የአገር ሽማግሌ ቅዳሜ ከሰዓት ተቀምጦ ማታ የሚፈታው ጉዳይ አለ፤ አንድ ፋብሪካና ሁለት ሺህ ሠራተኛ በደመወዝና በጡረታ ተያይዘው ሦስት ወር የሚከርሙበትም አለ። ሁለተኛውን የያዘ ሰው ሌላ ሥራ አይሠራም። ታዲያ ማን ያብላው? ኩባንያው ከከፈለው የኩባንያው ሰው ነው፣ ማኅበሩ ከከፈለው የማኅበሩ ሰው ነው። የቀረው የመንግሥት ግምጃ ቤት ነው። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም «አስማሚ» የሚለው ሰው አለው፤ ከዳኛ የተለየ፣ ከጠበቃም የተለየ።

አሜሪካኖቹ የመንግሥት ገንዘብም ሽታ እንዳለው የተረዱት ቆይተው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት፣ በ1946 ብቻ፣ 4.6 ሚሊዮን ሠራተኞች አድማ መቱ። የማስማማቱ አገልግሎት ያኔም በሠራተኛ ሚኒስቴር ሥር ነበር፤ አሠሪዎችም «የሠራተኛ» የሚል ስም ያለው መሥሪያ ቤት እንዴት መሐል ሰፋሪ ይሆናል ይሉ ነበር። በ1947 ኮንግረሱ የፕሬዚዳንት ትሩማንን ተቃውሞ ሽሮ የታፍት ሃርትሊን ሕግ ሲያጸድቅ አገልግሎቱን ከሚኒስቴሩ ቆርጦ አወጣውና ራሱን የቻለ የፌዴራል የማስማማትና የማስታረቅ አገልግሎት አደረገው። ማኅበራቱ የጠሉት ሕግ ነበር፤ ከጠሉት ሕግ ውስጥ ግን ይህችን አንቀጽ ሲጠቀሙባት ኖሩ።

የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሳይረስ ቺንግ ካናዳ የተወለደ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር የደረሰ፣ ፒፓ ከአፉ የማይለይ ሰው ነበር። በወጣትነቱ ቦስተን ውስጥ የከተማ ባቡር ነድቷል፤ በኋላ በአንድ ትልቅ የጎማ ኩባንያ የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ ሆኗል። ሁለቱንም ወንበር ያውቃል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው በማስታወቂያ አይገኝም፣ በስድስት ወር ሥልጠናም አይወጣም። የመሥሪያ ቤቱ ሀብት ሕንፃ ወይም መኪና ሳይሆን ከድርድር ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ሃያ ዓመት ተቀምጠው የመጡ ሰዎች ናቸው።

ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ላሳያችሁ። የኅብረት ስምምነት ሊያበቃ ሲል፣ ማሻሻል የሚፈልገው ወገን ለሌላው ከ60 ቀን በፊት ያሳውቃል፤ ከዚያ በ30 ቀን ውስጥ ለአገልግሎቱ ማስታወቂያ ይልካል። ኤፍ ሰባት የሚባል አጭር ቅጽ ነው፤ አሠሪው ማን፣ ማኅበሩ ማን፣ ስምምነቱ መቼ ያበቃል፣ ስንት ሠራተኛ። ለሆስፒታሎች ከ1974 ጀምሮ ቀኑ ረዘም ብሏል፤ ነርሶችም ከሥራ ከመውጣታቸው 10 ቀን በፊት ማስታወቅ አለባቸው። ከመካከላችሁ በዚህ ያለፋችሁ ትኖራላችሁ።

ድርድሩ ሲከር አስማሚው ይመጣል። ኩባንያውን አንድ ክፍል፣ ማኅበሩን ሌላ ክፍል ያስቀምጥና እሱ ኮሪደሩን ይመላለሳል። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ቡናው ቀዝቅዞ፣ የማኅበሩን ሊቀ መንበር ወደ ጥግ ይወስደውና «ሦስት በመቶ ቢመጣ ሰዎችህ ይሰሙታል?» ይለዋል። ኩባንያው ሦስት በመቶ ይስጥ አይስጥ ለሊቀ መንበሩ አይነግረውም፤ ለራሱ ግን ምናልባት ተነግሮታል፣ ምናልባት አልተነገረውም። ሊቀ መንበሩ ዝም ካለ ዝምታውን ይዞ ወደ ማዶ ክፍል ይሄዳል። ማስገደድ አይችልም፣ ማስከፈልም አይችልም። የሰማውን ወጥቶ አይናገርም፤ በ1980 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት አስማሚ ቀርቦ ለመመስከር እንደማይገደድ ወስኗል።

ችግሩ የሚጀምረውም ከዚህ ነው። በጀት ጠያቂ መሥሪያ ቤት ሁሉ የሠራውን ያሳያል፤ መንገዱን፣ ድልድዩን፣ የተማረውን ልጅ። አስማሚው ምን ያሳይ? ያልተመታ አድማ ፎቶግራፍ የለውም። ተዋዋዮቹ ሲፈራረሙ እጅ የሚጨባበጡት እነሱ ናቸው፤ እሱ ካፖርቱን ይዞ በጓሮ ይወጣል። ሞያው እንዲህ እንዲሆን ያስገድደዋል፤ የገንዘብ ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ ግን ያው ሞያ ባዶ እጁን ያስቀረዋል።

በ2025 የደረሰው ይኸው ነው። በዓመት ወደ 54 ሚሊዮን ዶላር ይመደብለት የነበረው፣ 200 ያህል ሠራተኞች የነበሩት ይህ የማስማማት አገልግሎት፣ ማርች 14 ቀን በወጣ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ሕጉ ከሚያስገድደው ዝቅተኛ ሥራ በላይ እንዳይሠራ ተባለ። በዚያው ወር መጨረሻ አብዛኛው ሰው ቤቱ እንዲቀመጥ ተደረገ፤ የቀሩት ሃያ አይሞሉም። በግሉ ዘርፍ በጥቅሉ ከ1,000 በላይ ሠራተኛ ያለበት ካልሆነ ጉዳይ አይቀበሉም ተባለ፤ ለሆስፒታሎች ቁጥሩ ዝቅ ያለ ነበር። ልብ በሉ፤ ትልቅ ማኅበርና ትልቅ ኩባንያ ጠበቃ አላቸው፣ አስታራቂም በገንዘባቸው ይቀጥራሉ። ስድሳ ሠራተኛ ያለው የዳቦ ፋብሪካ ነው የሚከፈልበት አስታራቂ የማይገዛው።

21 ክፍለ ግዛቶች ከሰሱ። ሜይ ላይ ሮድ አይላንድ የሚያስችል የፌዴራል ዳኛ ትእዛዙ እንዲታገድ ወሰነ፤ አስማሚዎቹም ወደ ሥራቸው ተጠሩ። በመሐሉ ባሉት ሳምንታት ግን የ1947ቱን ሕግ ማንም አልሻረውም ነበር። ኤፍ ሰባትን መላክ ግዴታ ነበር፤ ትልቁም ትንሹም ላኪ ቅጹን ሞልቶ፣ ቀኑን ጽፎ፣ የሚያነበው ሰው እምብዛም ወደሌለበት ቢሮ መላክ ነበረበት።